የኢንጂነሩ ዋይፋይና የሐሙስ ወዳጃ

ወንድሜ ሙንተሲር ኢንጂነር አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቆቦ መናኸሪያ ወርዳችሁ «የኢንጂነር ሱቅ የት ነው?» ብትሉ ያገኛችሁት ባጃጅ ሁሉ ቀጥ አድርጎ ወደ እሱ ስለሚወስዳችሁ ነው። ደሴ ሄዶ የኤሌክትሪክ ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ጀምሮም ተመለሰ። ለምን ተመለስክ ሲባል፣ መምህራኑ የሚያውቁትን ቶሎ ስለጨረሰባቸው እንደሆነ ተናገረ። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ይህን ሲሰሙ የሙስበሃቸውን ዶቃ መቁጠር ቀጠሉ። እሳቸው ልጃቸውን ያወቁት ሬዲዮናቸውን ፈቶ ከገጠመበት ቀን ጀምሮ ነው። ሬዲዮኑ ሲገጠም እፍኝ የሚሞላ ብሎን ተረፈ። ሙንተሲር ብሎኑን ኪሱ ከቶ፣ ፋብሪካው አላዋቂ ስለሆነ ብሎን ያበዛል አለ። ሬዲዮኑ ከዚያ ወዲህ ለዜናም ለመንዙማም አልተነፈሰም።

ዛሬም ያው ነው። ሱቁ ውስጥ የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጣል። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣለት ጆሮው ላይ አስጠግቶ ዓይኑን ይጨፍንና «ቦርዱ ነው» ይላል። ሬዲዮም ቢሆን፣ ስልክም ቢሆን፣ የልብስ ካውያም ቢሆን ቦርዱ ነው። ቦርዱ ካልሆነ ባለዕቃው ነው። እሱ ጥፋተኛ የሆነበት ብልሽት እስካሁን አልተፈጠረም።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህንን ካልተናገርኩለት ግፍ ይሆንብኛል። ለጋስ ነው፣ በተለይ የራሱ ባልሆነ ነገር። እንግዳ ይወዳል፤ ከእንግዳው ይልቅ ግን እንግዳው ከቤቱ ወጥቶ ስለ እሱ የሚያወራውን ይወዳል። እኔ ራቢዓ ታላቁ ነኝ። ባለቤቴ ከሞቱ ወዲህ በእሱ ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው ቤት ነው የምኖረው፤ ስለዚህ የማወራው ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው።

አላህ ለእንዲህ ያለው ሰው ሱዓድን የመሰለች ሚስት የሰጠበትን ምክንያት እኔ አልመረምርም። ሱዓድ ከወደ ጎብዬ የመጣች የሸህ ልጅ ናት። አባቷ ደረሶቻቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን ማለቴ ነው፣ ቁርኣን ሲያቀሩ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ጥጥ እየፈተለች ታዳምጥ ነበር፤ ከደረሶቹ ሁሉ የበለጠ የያዘችውም እሷ ናት። አሁን በላፕቶፕ ታቀራለች። አረብ አገር የሚኖሩ የወሎ ሰዎች ልጆች ከአስር ሶላት በኋላ በየተራ ይደውሉላታል፣ እሷም ቂርኣታቸውን፣ የቁርኣን ንባባቸውን፣ ፊደል በፊደል ታቃናላቸዋለች። ቂርኣት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ አንድ ፊደል ከተዋጠ ትርጉሙ ይገለበጣል። ሱዓድን የቸገራት፣ ፊደሉን የዋጠው ልጁ ይሁን ዋይፋዩ መለየት ነበር።

ዋይፋዩ የገባው ለእሷ ሥራ ነው፤ ሙንተሲር ግን «የኔ ዋይፋይ» ነው የሚለው። ሲገባ ደህና ነበር። ከዚያ መቆራረጥ ያዘ። ሁልጊዜ ቢቆራረጥ እንኳ ደግ፤ ተበላሸ ተብሎ ይለወጣል። ይሄኛው ግን እንደ ቆላችን ወባ ነው፣ ይነሳል፣ ይተዋል፣ ዳነ ሲሉት ይነሳል። ማክሰኞ የልጆቹ ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል። ሐሙስ ልጁ አፉን እንደከፈተ ምስሉ ይደርቅና ሱዓድ የተከፈተ አፍ እያየች ትጠብቃለች።

ይህ መቆራረጥ ቁም ነገር የሆነው የጅዳው ጉዳይ ሲመጣ ነው። ጅዳ ውስጥ ሴቶችን በኢንተርኔት የሚያቀራ አንድ ቤት አለ። ኃላፊዋ ኡስታዛ ኢኽላስ ይባላሉ። የሱዓድን ወሬ ሰምተው፣ ልጆችን ሳይሆን ትልልቅ ሴቶችን የምታቀራ ቋሚ አስተማሪ ሊያደርጓት ፈለጉ። ከመጋረጃ ጀርባ ሆና የለቀመችው ሁሉ ባለቤት የሚያገኝበት ቀን መጣ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሲያዳምጧት ድምፁ ተቆራረጠ። ኡስታዛዋ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ከአስር በኋላ አንድ ጊዜ እንሰማሻለን፣ ያኔም እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እንይዛለን አሏት። ሱዓድ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት፣ ምጥ ይዟት እንኳ ያላየሁባት ነው።

ለባሏ የነገረችውም እዚያው ፊቴ ነው።

«ሙንተሲር፣ ልብ ብየዋለሁ፤ የሚብሰው ሐሙስ ነው። እንግዳ ሲበዛ ነው።»

ሙንተሲር ሳቀ። «አንች ደግሞ። እንግዳ በረካ ነው። በረካ ሽቦ ይዘጋል?»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ምክንያቱም ሐሙስ ሐሙስ እኛ ቤት ወዳጃ አለ። ወንዶቹ ሳሎን ተሰብስበው ሸህ ዒምራን ዱዓ ያደርጋሉ፣ የታመመ የተቸገረ ስሙ ይነሳል፣ ሌላው አሚን ይላል። ድሮ የሰፈር ሰው ብቻ ነበር የሚመጣው። ዋይፋይ ከገባ ወዲህ ግን ከጎብዬም ከዋጃም የሚመጣ በዛ። ሙንተሲር እንግዳውን በር ላይ ይቀበልና ጫማውን ሳያወልቅ «ስልክህን አምጣ» ይለዋል። በራሱ እጅ ፓስወርዱን ይጽፍለታል። በእሱ ቤት ገብቶ ዳታውን የሚያቃጥል እንግዳ የለም። አያቶቻችን ለእንግዳ የእግር ውሃ ያቀርቡ ነበር፤ የእኛ ኢንጂነር ዋይፋይ ያቀርባል። እንግዳውም እያመሰገነ ስልኩን ትልቅ ስፌት ውስጥ ያስቀምጣል። ስፌቱ የመጣው፣ አንድ ጊዜ በዱዓ መሃል የአንዱ ስልክ በእስክስታ ዘፈን ጮሆ ሸህ ዒምራን ስላዘኑ ነው። ሙንተሲር ስፌቱን ሳሎን ያለው ቡፌ ላይ፣ ከራውተሩ ሥር ያደርገዋል፤ ንጹሕ ቦታ እሱ ነው ብሎ። ይህን ሁሉ እያየን እኔም ሆንኩ ሱዓድ መቆራረጡን ከስልኮቹ ጋር አላያያዝነውም። ሰው ስልኩን አስቀምጦ ዱዓ ሲያደርግ ስልኩም አብሮ የሚያርፍ ይመስለናል።

ኢንጂነሩ ግን ምርመራ ጀመረ። መጀመሪያ ቴሌ ሄዶ ተጣላ። አንድም ጥፋት የሌለባቸው ሰዎች ሕይወት የምትባል ቴክኒሻን ላኩለት። የመጣችው ማክሰኞ ነው። መሣሪያዋን ሰክታ አየች፣ መስመሩ ደህና እንደሆነ ነገረችውና በዚህ ዋይፋይ ስንት ሰው ይጠቀማል ብላ ጠየቀችው። እሱም ዓይኑን ሳያሽ «እኔና ባለቤቴ» አላት። ዋሸ አልልም። እንግዳ ሰው ሆኖ አይቆጠርለትም፣ እንግዳ ለእሱ ጭብጨባ ነው። ልጅቱ ስልክ ቁጥሯን ለሱዓድ ትታ ሄደች፣ ሙንተሲርም ገና ጀማሪ ናት ብሎ ጀርባዋን አማት።

ቀጥሎ ራውተሩ ዝቅ ብሎ ነው አለና ጣሪያው ሥር ካለው ወራጅ ላይ ሰቀለው። ማሽላ የሚጠብቅ ይመስል ማማ ላይ ወጣ። ምልክቱን ወደ ውስጥ እንዲመልስ ብሎ የእናታችንን ትልቅ የብረት ትሪ ከኋላው አሰረ። ዓርብ ደህና ዋለ፤ ሙንተሲርም ሰፈሩን ሁሉ እየጠራ ትሪውን አስጎበኘ። ሐሙስ ሲመጣ ቆመ። ያን ጊዜ ደግሞ ላፕቶፑ ቫይረስ አለው ተባለ። ሱዓድ ወጥ ቤት እያለች ላፕቶፑን አጥቦ አዲስ አደረገላት፤ ልጆቹ ቁርኣን ሲቀሩ የቀዳችውን፣ እየደጋገመች የምታዳምጠውን የድምፅ ቅጂ ሁሉ አብሮ አጠበው። ሱዓድ አልጮኸችም። የጠበቅሁት ጩኸት ቀርቶ ላፕቶፑን ከድና ጓሮ ሄደች፣ የደረቀውን ልብስ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ያን ቀን ወንድሜን ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ቴሌም፣ ትሪም፣ ቫይረስም ሲያልቅበት ጎረቤቱን ያዘ። አጥር የምንጋራቸው ጋሽ ወልደ ሚካኤል የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ናቸው። ሥራቸው ፓፓያቸውን ማጠጣትና የዞብልን ተራራ ማየት ነው። ሙንተሲር በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ ኢንተርኔቴን በግድግዳ በኩል እየሳቡብኝ ነው አላቸው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው ከኪሳቸው በጎማ የታሰረች ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አወጡና በአጥሩ ላይ አቀበሉት።

«እንካ ልጄ፣ ፈልገው። ካገኘኸው ለእኔም ትንሽ ተውልኝ።»

እሱ ስልኳን ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጣት። ወላሂ አዳመጣት። ከዚያም መለሰላቸው፣ ይቅርታ እንኳ አላለም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለሴት ነው፤ ተረቱን የፈጠሩት ወንድሜን ስለማያውቁት ነው።

የቀጠሮው ሐሙስ ደረሰ። ሱዓድ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ዛሬን ብቻ ወዳጃው ይቅር ወይም ሌላ ቤት ይሁን አለችው። ሙንተሲር ተቆጣ። እሱ ለእሷ ብሎ ልዩ ዱዓ አዘጋጅቷል፣ ከዋጃ ድረስ ሰው ጠርቷል፣ ሸህ ዒምራንም የዛሬው ዱዓ የሱዓድ መስመር እንዲቃና ነው ተብሎ ተነግሯቸዋል። ሰው ተጠርቶ እንዴት ይመለሳል? ሱዓድ «እሺ» አለች። እንዴት እንዳለችው ብትሰሙ ሁለተኛ እሺ የሚል ሰው አትወዱም ነበር።

ከአስር በኋላ ሳሎኑ ሞላ፣ በረንዳው ሳይቀር ሞላ። ሙንተሲር በር ላይ ቆሞ ለአዳዲሶቹ ሁሉ ፓስወርድ እየጻፈ ያስገባል። ስፌቱ ጢም ብሎ ከአፉ ተረፈ። የራሱን ስልክ ግን ስፌቱ ውስጥ አልከተተም። መስኮቱ ላይ አቁሞ ወደ ሰዉ አዞራት። ምንድን ነው ስለው፣ አይመለከትሽም በሚል ዓይን አየኝ።

እኔ ከሱዓድ ጋር ጓዳ ገባሁ። ነጭ ሒጃቧን ለብሳ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣለች። ኡስታዛ ኢኽላስ በስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ፤ መነጽር ያደረጉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴትዮ ናቸው። ሱዓድ ጀመረች። እኔ ብዙ አላውቅም፤ ግን ያ ድምፅ ሲወጣ ጓዳው የሰፋ መሰለኝ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ሳልጨርስ፣ መነጽሩ በእጃቸው እንዳለ ደረቁ። ከሳሎን «አሚን» የሚል ድምፅ መጣ። ሴትዮዋ ትንሽ ተንቀሳቀሱ፣ እንደገና ደረቁ። ሱዓድ ቆመች፣ «ይሰማል?» አለች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ደግማ ቆመች። ከሳሎን ዱዓው እየጋለ ሄደ። መስመሯን አቅናላት ይላሉ ሸህ፤ አሚን ይላል ሰዉ። አሚን በበረታ ቁጥር የእኛ ስክሪን ይደርቃል።

ምናልባት ያ ትሪ ወድቆ ይሆናል ብዬ ወጣሁ። ወራጁ ላይ ያለውን ራውተር ለማየት ቡፌው ላይ መደገፍ ነበረብኝና ስፌቱን ገፋ ላደርግ እጄን ጣል አደረግሁ። ስፌቱ ይፋጃል። የቆላው ሙቀት ነው እንዳልል ማራገቢያው እዚያው አናቱ ላይ ይዞራል። የላይኛውን ስልክ አገላበጥሁት። ፊልም እያወረደ ነው። ከሥሩ ያለው ኳስ ጨዋታ ያወርዳል። ሌላው የሰርግ ቪዲዮ፣ ሌላው ተከታታይ ድራማ ከነሙሉ ክፍሉ። ጠቅላላ ስፌቱ ጸጥ ብሎ እየጠባ ነው። ለካ ሰዉ ስልኩን የሚያስቀምጠው ማውረጃውን ተጭኖ ነው፤ ዱዓ እስኪያልቅ ይወርድለታል። ከዋጃ ድረስ የሚመጡበት ምክንያት አሁን ገባኝ።

ስፌቱን ተሸክሜ ወንዶቹ መሃል ገባሁ። ሴት ልጅ በወዳጃ መሃል እንዲህ አትገባም፤ እኔ ገባሁ። ስፌቱን ሸህ ዒምራን ፊት አስቀመጥሁትና፣ ሸህ፣ የምትለምኑበት በሽታ ይሄውላችሁ፣ እጅዎን ያሳርፉበት አልኳቸው። ሸህ ዒምራን እጃቸውን ዘርግተው አሳረፉ። የእሳቸው ስልክ ራሷ ባለ ቁልፍ ናት፤ ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ቆዩ። ከዚያ አንዱ ጎልማሳ አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው።

«ሱብሃነላህ» አሉ ቀስ ብለው። «በአፋችን ክፈተው እያልን በእጃችን ስንዘጋው ቆየን?»

ሁሉም ምንጣፉን ያያል። ሙንተሲር ብቻ አላፈረም፤ ሙንተሲር መቼም አፍሮ አያውቅም። ስልክ ፊልም ስላወረደ መስመር አይጨናነቅም፣ ቦርዱ ነው ብሎ ሊያስረዳን ጀመረ። እያስረዳ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ የእኔም ተከተለው። ስልኳ መስኮቱ ላይ ቆማ ታያለች። ላይቭ ገብቶ ነበር። ለሚስቱ መስመር የሚደረገውን ዱዓ፣ በሚስቱ መስመር፣ «ኢንጂነር ሙንተሲር» በሚለው ፔጁ ላይ ለዓለም እያሳየ ነበር። ከየአገሩ «አሚን» እየተጻፈለት፣ ልብ እየተላከለት። እኔ ስፌቱን ይዤ ስገባ፣ ሸህ እጃቸውን ሲያሳርፉ፣ ቦርዱ ነው ሲል፣ ሁሉም ሄዷል። ቆቦ ውስጥ ይህን ታሪክ ከእኔ የሰማ የለም፤ ሁሉም ከራሱ ከሙንተሲር ነው ያየው።

ሱዓድ በጓዳው በር ብቅ አለች። ማዳመጫው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ስፌቱን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ ባሏን አየች።

«ዘጉ» አለች።

ሙንተሲር ተነሳ። «አብሽሪ። አሁኑኑ ራሴ እደውልላቸዋለሁ። የቴሌ ጥፋት ነው እላቸዋለሁ።»

«አትደውል» አለች ሱዓድ። «ከመዝጋታቸው በፊት ነግሬያቸዋለሁ። ችግሩ ከቤቴ ነው ብያቸዋለሁ።»

ይህን ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አላለም። ግን ወንዶቹ አንድ በአንድ ከስፌቱ ስልካቸውን እያነሱ፣ ጫማቸውን ሳያስሩ እየጎተቱ ወጡ። ሸህ ዒምራን የወጡት መጨረሻ ላይ ነው። ለሙንተሲር ጎረቤቱን ይቅርታ እንዲጠይቅ ነገሩት። እሱም ሄደ፤ አጥሩ ላይ ቆሞ ጋሽ ወልደ ሚካኤልን፣ መስመሩን አስተካክያለሁና ከእንግዲህ አይስጉ አላቸው። ሽማግሌው ፓፓያቸውን እያጠጡ፣ እግዜር ይስጥልኝ አሉት። ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ ወንድሜን መከራም የሚመክረው አይመስለኝም።

ኡስታዛ ኢኽላስ ማታውን መልእክት ላኩ። እሳቸው ጋ የሚቀርብ አስተማሪ ሁሉ ድምፁ ሲቆራረጥ መስመሩን ይከሳል፤ ችግሩ ከቤቴ ነው ያለቻቸው ሱዓድ ብቻ ናት። ስለዚህ ቤትሽን አስተካክለሽ ቅዳሜ ተመለሺ አሏት። ሱዓድ ለቴሌዋ ልጅ ለሕይወት ደወለችላት። ልጅቱ በስልክ እየመራቻት ሱዓድ ራሷ ፓስወርዱን ቀየረች። የእናቴንም ትሪ ፈትተን አወረድነው፣ ዝገቱን በአመድ አሸሁት። ቅዳሜ ሱዓድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ፊደል ሳይዋጥባት ቀራች። ሴትዮዋ ያን የማይፈታ ፊታቸውን ፈትተው አለቀሱ፤ እኔም እዚህ አለቀስኩ። ተቀበሏት። አሁን ሐሙስን ጨምሮ ከአስር በኋላ የምታቀራቸው ሴቶች አሉ፤ ከጓዳው በግድግዳ በኩል ድምፅዋ ሳሎን ድረስ ይሰማል።

ወዳጃውም አልቀረም። ከዋጃ የሚመጡት ግን ቀርተዋል፤ አላህ ሥራቸውን ያቅናላቸው። ሙንተሲር ዛሬም በር ላይ ይቆማል። አልፎ አልፎ አንድ አዲስ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፓስወርዱን ይጠይቀዋል። ሙንተሲር ወደ ራውተሩ ቀና ብሎ ያይና፣ መስመሩ እየተጠገነ ነው፣ ቦርድ አዝዣለሁ ይለዋል። ሸህ ዒምራን አንገታቸውን ደፍተው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ።

እውነቱ ፓስወርዱን አያውቀውም። የወለዳቸውን ልጆች ስም ሞከረ፣ የልደት ቀን ሞከረ፣ የገዛ ስሙን ከነኢንጂነሩ ሞከረ። ከሱቁ ወደ ሕይወት ደውሎ ጠየቀ፣ ባለቤትህን ጠይቃት አለችው። እኔንም በጓሮ በኩል መጥቶ፣ እታለም፣ አንች ታውቂዋለሽ አለኝ። አላውቀውም፤ ሱዓድ ለእኔም አልነገረችኝም። እሷ አልከለከለችውም፣ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ ነው ያለችው። እንዲሁ ነገርኩት። ወደ ሱቁ ተመለሰ። ቴሌን ጠይቋል፣ ጎረቤትን ጠይቋል፣ አላህን በሰው ፊት ጠይቋል። ሱዓድን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቃትም።